ቤቱ የሚያልቅበት መስመር

ሰሞኑን ያላየሁት ኮንዶሚኒየም የለም። ቅዳሜና እሑድ ባቡር እሳፈራለሁ፤ ገና ላልተሠራ ሕንፃ ናሙና ሆኖ የተሰናዳ ማሳያ ቤት በር ላይ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ስስ ነጠላ ጫማ ይሰጡኛል፤ ከዚያ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ልጅ ፊት ፊቴ እየሄደች “እዚህ ጋ ደግሞ ሁለገብ ክፍል አለልዎት” ትለኛለች። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሁለገብ ማለት ለምንም የማይሆን ማለት እንደሆነ ካወቅሁ ቆይቷል። መስኮት የላትም፤ አልጋ አትችልም፤ ጠረጴዛ ሲገባ ወንበሩ ይቀራል። ልጅቷ ግን ደሞዟ ነውና ታሞግሳታለች። እኔም አልፈርድባትም፤ ምክንያቱም ያደግሁት በዚሁ ሙገሳ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ እኔና እናቴ በየሳምንቱ መጨረሻ ቤት እንመርጥ ነበር። ለኔ የገባኝ እንደዚያ ነበር።

የምንኖረው ኮሪያ፣ ሴኡል አጠገብ ባለችው ቡቾን ከተማ ውስጥ ግማሹ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቤት ነው። መስኮታችን ከመንገዱ እኩል ስለነበር የሰፈሩን ሰው በፊቱ ሳይሆን በጫማው ነበር የማውቀው። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ እዚያው እናበስላለን፣ እዚያው እንተኛለን፣ ልብሳችንም እዚያው ራሳችን ላይ ይንጠባጠባል። ሽንት ቤቱ ብቻ ከፍ ተደርጎ በደረጃ የሚወጣበት ነበር። እዚያ ላይ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ እንደ ንግሥት ዙፋን ላይ የወጣሁ ይመስለኝና ቶሎ መውረድ አልፈልግም ነበር። የፍሳሹ ቱቦ ከወለላችን በላይ ስለሚያልፍ፣ ሽንት ቤቱን ካልሰቀሉት ቆሻሻው ተመልሶ እኛው ላይ እንደሚፈስ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከኛ በላይ እትዬ ጉምሱን ይኖራሉ። ገበያ ውስጥ ኪምቺ የሚባለውን በበርበሬ የተብላላ ጎመንና ሌላ የተቀመመ አትክልት ይሸጣሉ። ባላቸው የግንባታ ሥራ ላይ ወድቀው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ወታደር ቤት ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ የሚሰማ ሴት ናቸው። ክረምት ገብቶ ውሃው በመስኮታችን መግባት ሲጀምር “የናሬ እናት! ልጅቷን አቀብይኝ!” ብለው የሚጮኹት እሳቸው ናቸው። ናሬ እኔ ነኝ። ውሃው እስኪጎድል ደረቁ ወለላቸው ላይ እንተኛ ነበር።

እሑድ ጠዋት እማዬ ሌላ ሰው ትሆናለች። ከእትዬ ጉምሱን የተዋሰችውን አመድማ ካፖርት ትለብሳለች፣ ከንፈሯን ትቀባለች፣ ጸጉሬን እስኪያመኝ ድረስ ወደ ኋላ ታስረዋለች። ለእትዬ ጉምሱን የሠርግ አዳራሽ ውስጥ እንግዳ መቀበል ሥራ አግኝቻለሁ ብላቸው ነበር። ለኔ ደግሞ “ቤት እንይ” ነበር የምትለኝ። እትዬ ጉምሱንን ለምን እንደምንዋሻቸው አልጠየቅሁም። ቤት መግዛታችንን ድንገት ልናበስራቸው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እማዬ ሁለት ድምፅ ነበራት። የቤቱ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ የቃሉን መጨረሻ ትውጠዋለች። የማሳያ ቤቱ ድምጿ ግን ይወጣል፣ ይጠራል፣ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ይመስላል።

“ውይ! ይህን ዕቃ ቤት ተመልከቱልኝ! የክረምቱ ብርድ ልብስ፣ የበዓሉ ድስት፣ የልጅቷ ብስክሌት፣ ሁሉንም እኮ ይውጠዋል!” ትላለች፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆማ። ሰዎች ዘወር ይላሉ። አንዳንዶቹ እሷ ከወጣች በኋላ ገብተው ይቆማሉ። እኔ ብስክሌት አልነበረኝም። ልትገዛልኝ ነው ማለት ነው ብዬ ልቤ ይዘል ነበር።

ሁልጊዜ አብረውን ቤት የሚመርጡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ኩሽናውን ታደንቃለች፤ ሌላዋ ሳሎኑን፤ ሌላዋ ደግሞ “ቶሎ ካልፈረምን ያልቃል መሰለኝ” እያለች በጭንቀት ትዞራለች። ቻ የምትባል ሴት ደግሞ ነበረች፤ ሁሉም “አለቃ” ነው የሚሏት። ስልኳን ይዛ ኩሽናው አካባቢ ትቆምና ዝም ብላ ታየናለች። ሴቶቹ ሁሉ ወደፊት ጎረቤቶቻችን የሚሆኑ ይመስለኝ ስለነበር በቅደም ተከተል በልቤ ፎቅ አድላቸው ነበር። ከረሜላ የምትሰጠኝ አንዷ ከኛ ጎን እንድትሆን ወስኛለሁ።

የኔ ደስታ የልጆቹ መኝታ ቤት ነበር። አልጋው ለኔ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ስጋደም ከራስጌ እስከ ግርጌ እሞላዋለሁ። “ይሄ የኔ ክፍል ነው!” እላለሁ ጮክ ብዬ። የሚያልፉ እናቶች ይስቃሉ፤ አለቃ ቻም ትስቃለች፤ አንድ ቀን ራሴን ደብሳ ለእማዬ “ይቺ ልጅ ወርቅ ናት” አለቻት። እማዬ አልሳቀችም። ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ መስመር ነበር፤ በየቤቱ፣ በየክፍሉ አለ። እሱን በአንድ እግሬ መዝለል ጨዋታዬ ነበር። ወዲህ ስሆን ቤት ውስጥ ነኝ፣ ወዲያ ስሆን ሰማይ ላይ ነኝ እላለሁ።

ስንመለስ እማዬ አውቶቡሱ ውስጥ ጫማዋን ታወልቃለች። እግሯ አብጦ የጫማው ቅርጽ ወጥቶበታል።

“እማዬ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚደክምሽ?”

“ቤት መምረጥ ያደክማል።”

“ታዲያ መቼ ነው የምንመርጠው?”

“ልክ የሚሆነን ሲገኝ።” ከዚያ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትተኛለች። እኔ በስጦታ የሰጡንን የሶፍት ካርቶን አቅፌ እቀመጣለሁ። ቤታችን ውስጥ ሶፍት እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ነበር፤ ሀብታም የመሆናችን አንዱ ማስረጃ እሱ ነበር።

እናቴ ቤት አትመርጥም ነበር። ቤት የሚመርጥ ሰው መስላ እንድትዞር ነበር የሚከፈላት። ይህን ያወቅሁት የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ሥራ ስፈልግ ነው። ሥራ የጠየቅኋት ሴት “የሳምንት መጨረሻ ሥራ አለ፤ ቆመሽ ማድነቅ ነው፤ ልጅ ይዘሽ መምጣት ብትችዪ ደግሞ ይመረጣል” ስትለኝ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የማሳያ ቤት ባዶ ሲሆን ሰው አይገዛም። ሰው ሲራኮት ያየ ግን ይቸኩላል። ለእማዬ ደወልኩ።

“ያኔ ቤት እየመረጥን አልነበረም ማለት ነው?”

“አልነበረም።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽ እንደዚያ አትደሰቺማ” አለች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ደስታዬ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ስውል ሳድር ግን በጣም አዘንኩላት። ያን ሁሉ እሑድ ያን አልጋ እያየች፣ እኔ እዚያ ላይ ስንደባለል እያየች፣ ማታ ወደዚያ ጉድጓድ ይዛኝ ስትወርድ ምን ይሰማት እንደነበር ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም።

የሥራዋ መጨረሻ የሆነውን ቀን ግን ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጎረቤታችን ኢንቾን ከተማ ውስጥ ትልቅ ማሳያ ቤት ተከፍቶ ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። የተሰለፈው ምን ያህሉ የኛ ሰው እንደነበር እንጃ። እኔ እንደ ወትሮዬ የልጆቹ ክፍል ውስጥ ተንደባልዬ ስጠግብ ወደ በሩ ሄድኩ። የጫማ መደርደሪያው ላይ ከጥቁሮቹ ጫማዎች መሀል፣ ተረከዙ የተረገጠ፣ ጎኑ ላይ ቀይ አበባ የተሰፋበት ሐምራዊ ጫማ ተቀምጧል። ይህን ጫማ በየቀኑ በመስኮታችን ሲያልፍ አየው ነበር።

“እትዬ ጉምሱን መጥተዋል!” ብዬ እየሮጥኩ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። ሰው ሠርግ ሲጠሩ የሚለብሱትን ልብስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። እማዬ ከዕቃ ቤቱ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

“የናሬ እናት! አንቺም ልትገዢ ነው እንዴ? እያለሽ ነው ለካ የተደበቅሽን!” አሉ በገበያ ድምፃቸው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “ቆይ፣ ይሄ የኔ ካፖርት አይደለም?”

እማዬ የካፖርቱን ቁልፍ ይዛ ቀረች። “ነው እትዬ።”

“ይሁን፣ ይሁን፣ ያምርብሻል።” ቦርሳቸውን መታ መታ አደረጉት። “የምፈርምበትን ማኅተሜን ይዤ መጥቻለሁ። የባሌን ደም ዋጋ ባንክ ማስቀመጥ ምን ያደርግልኛል? ልጄ ከወታደር ቤት ሲመለስ ሚስት የሚያመጣበት ቤት ይኑረው። አሁን እንኳ አንዷ ሴትዮ ‘እንዲህ ያለ ሳሎን በዚህ ዋጋ አይገኝም’ ስትል ሰምቼ ልፈርም ነበር።” ወደ እማዬ ጠጋ አሉ። “አንቺ ደህና ዓይን አለሽ። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እንደ ራስሽ ቤት አይተሽ ንገሪኝ።”

አለቃ ቻ ከኩሽናው በኩል ታያለች። እማዬም አይታታለች።

“ሳሎኑማ…” ብላ ጀመረች በማሳያ ቤቱ ድምፅ። ከዚያ አቆመች። እንደገና ስትናገር የቤታችን ድምፅ ነው የወጣት፤ እዚያ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

“እትዬ፣ የኪምቺ ጋኖችዎን የት ነው የሚደረድሯቸው?”

“በረንዳው ላይ ነዋ።”

“በረንዳው የታለ?”

እትዬ ጉምሱን ዙሪያውን አዩ። እማዬ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸውና በእግሯ ጣት ወለሉን ነካች። የኔን መስመር፣ የምዘለውን።

“ቤቱ እዚህ ያልቃል” አለች። “ከዚህ ወዲያ ያለው በረንዳ ነው፤ ግድግዳውን አፍርሰው ነው ሳሎን ያስመሰሉት። እንዲህ እንዲያደርጉልዎት ሌላ ይከፍላሉ። ካልከፈሉ ሳሎንዎ ይህቺው ናት። ከከፈሉ ደግሞ በረንዳ የለዎትም፤ በርበሬዎን የት ያሰጣሉ? የአኩሪ አተር ጥፍጥፉስ የት ይደርቃል? ሳሎን ውስጥ ይሰቅሉታል?”

“የልጄ መኝታ ቤትስ?” አሉ እትዬ ጉምሱን። ድምፃቸው ቀንሷል።

“ይምጡ፣ አልጋው ላይ ይጋደሙ።”

ተጋደሙ። ነጭ ጓንት ያጠለቀችው ልጅ “እናቴ፣ እባክዎን፣ ለማሳያ ነው!” እያለች ደረሰች፤ እሳቸው ግን አንዴ ከወጡ ወጡ ነው። እግራቸው ከካልሲያቸው ጋር ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሏል። ቀና ብለው እግራቸውን አዩት። ለካ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል አልጋውን አሳጥረው ነበር የሠሩት።

“ልጄ፣ እኔ እኮ ከገበያው ሴቶች ሁሉ አጭሯ ነኝ!” አሏት ልጅቷን። “ወታደሩ ልጄ እዚህ ቢተኛ ጉልበቱ ውጭ ሊያድር ነው?”

በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ሳቁ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ግን አልሳቁም፤ ተመልሰው ሳሎኑ ውስጥ ጎንበስ ብለው መስመሩን መፈለግ ጀመሩ። ሌሎችም ተከተሏቸው። እማዬ አንዴ ከጀመረች አላቆመችም፤ ከኩሽናው ኋላ ያለችውን ክፍል በር ከፍታ “የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይገባል፤ የማሽኑ በር ግን ግድግዳውን ይመታል እንጂ አይከፈትም” ስትል፣ የማላውቀው ሰውዬ ቆሞ ያዳምጣት ነበር።

ከክፍሉ ጥግ ሆኜ ደንግጬ አያለሁ። ቤታችንን እያዋረደችው ነው። አልጋዬ ላይ ሌላ ሰው ተጋድሟል።

አለቃ ቻ ፈገግ እንዳለች መጣች። “የናሬ እናት፣ አንዴ ላናግርሽ” አለች፤ ክርኗን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ።

“አብደሻል?” ፈገግታዋ አልጠፋም። “ነገ እንዳትመጪ። የትም እንዳትመጪ። ለሌሎቹ ቦታዎችም እደውላለሁ።”

“ገብቶኛል” አለች እማዬ።

“ለአንዲት ኪምቺ ሻጭ ብለሽ?”

እማዬ ጎንበስ ብላ ጫማዬን ታደርግልኝ ጀመር። ማሰሪያው እምቢ አላት። እኔ የገባኝ ቤቱን እንደነጠቁን ነው። እትዬ ጉምሱን አልጋውን ስላበላሹት ሴትዮዋ ተቆጥታ ቤት አልሰጥም አለችን። በመንገዱ ሁሉ እየጮኽኩ አለቀስኩ።

አውቶቡስ ውስጥ እማዬ ጫማዋን አወለቀች።

“ቤታችንን ለምን ሰደብሽው?” አልኳት።

“አይሆነንም ነበር።”

“እኔ ይሆነኝ ነበር! አልጋው ልኬ ነበር!”

“ታድጊያለሽ ናሬ” አለችኝ። “ታድጊና እግርሽ ይወጣል።” ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማደግን እንደ ጠላት ነበር የማየው።

እማዬ በማግስቱ ሾርባ ቤት ዕቃ ማጠብ ጀመረች። እኔ እትዬ ጉምሱንን አኮረፍኳቸው። ከረሜላ ሲሰጡኝ እጄን ወደ ኋላ እደብቃለሁ፤ ሐምራዊው ጫማ በመስኮቱ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። እሳቸው ግን ኩርፊያዬን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ክረምቱ ገብቶ ውሃው በመስኮቱ ሲወርድ እንደ ወትሮው “ልጅቷን አቀብይኝ!” ብለው ጮኹ፤ እኔም እንደ ወትሮው እጄን ዘረጋሁላቸው። ጠዋት ደረቁ ወለላቸው ላይ ተኝቼ ሁለቱ ሽንኩርት እየላጡ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

“በኔ የተነሳ ነው” አሉ እትዬ ጉምሱን።

“ይተዉት እትዬ። እግሬም አርፏል።”

“ያ ሁሉ የሠርግ አዳራሽ! እኔም ሞኝ፣ በየሳምንቱ ማን ነው የሚያገባው ብዬ አላውቅም!” ሁለቱም እየተንፈቀፈቁ ሳቁ፤ ከዚያ እማዬ ስታለቅስ ሰማሁ። ስለጠፋብን ቤት የምታለቅስ መስሎኝ፣ ይበላት እያልኩ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ።

እትዬ ጉምሱን በመኸር ላይ ገበያው አጠገብ አሮጌ ፎቅ ቤት ገዙ። አሳንሰር የለውም፤ ሽንት ቤቱ ጨለማ ነው፤ ኩሽናው ውስጥ ሁለት ሰው አይተላለፍም። በረንዳው ግን ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ጠዋትም ከሰዓትም ፀሐይ ያገኛል። ጋኖቻቸውን ደረደሩ፤ በርበሬያቸውን አሰጡ። በር ዳር ያለችውን ትንሿን ክፍል ለእኔና ለእማዬ ሰጡን። በነፃ አይደለም፤ እማዬ እሺ አላለችም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እስክጨርስ እዚያ ኖርን። በመስኮቴ ጫማ ሳይሆን የዛፍ ጫፍ ይታየኝ ነበር። የምተኛው ወለል ላይ ስለሆነ እግሬ ከአልጋ የወጣበት ቀን የለም።

እትዬ ጉምሱን ከሞቱ ቆይቷል። ቤቱም ፈርሶ በቦታው ሌላ ሊሠራበት ነው። እማዬ አሁን ከኔ ጋር በኪራይ ትኖራለች፤ የኪራይ ውላችንም እያለቀ ስለሆነ ነው እኔ በየሳምንቱ የምዞረው። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ባለፈው እሑድ ማኅተሜን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ያገኘሁትን ልፈርም ቆርጬ ነው የወጣሁት። የማስይዘው የዕድሜ ልክ ድካሜን ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ያለቀለት ነገር እንዲሆንልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። እማዬ “እኔም ልምጣ” አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የማሳያ ቤት ረግጣ አታውቅም።

በዝምታ ዞረች። የዕቃ ቤቱን በር ከፍታ ዘጋች። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ መሀሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፏል። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ንፁህ ካፖርት የለበሰች ሴት መስኮቱ አጠገብ ቆማ “ይህ ሁሉ ብርሃን! እንዲህ ያለ ሳሎን አይቼ አላውቅም!” ትላለች። ከልጆቹ ክፍል የትንሽ ልጅ ድምፅ መጣ፤ “እማዬ፣ ይሄ የኔ ክፍል ነው!”

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጁ ወዳለበት በር ተመለከተች፤ ከዚያ የሴትዮዋን እግር። ነጠላ ጫማዋ ተረከዟን አልሸፈነውም፤ ተረከዟ አብጧል።

ጠጋ ብላ በዝቅተኛው ድምጿ “እግርሽን አያምሽም ልጄ?” አለቻት። “እኔ እንኳ አውቶቡስ እስክገባ ድረስ አልችለውም ነበር።”

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። ወደ ኩሽናው ሰረቅ አድርጋ አየች፤ እዚያ ስልክ የያዘ ሰው ቆሟል። ጮክ ብላ “ኩሽናውንማ አይጠይቁኝ፣ ድንቅ ነው!” አለች። ከዚያ ካፖርቷን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችና ሌላ ድምፅ፣ የቤት ድምፅ፣ ከውስጧ ወጣ።

“እናቴ፣ ምንጣፉን ገለጥ ያድርጉት።”

እማዬ በእግሯ ጣት የምንጣፉን ጠርዝ አነሳችው። ነጠብጣቡ መስመር እዚያ ነበር፤ ከሶፋው በዚህ በኩል፣ ከሳሎኑ እኩሌታ ብዙም ሳይርቅ። ምንጣፉን መልሳ ለቀቀችው። ልፈርም ከቦርሳዬ አውጥቼ የያዝኩትን ማኅተም መልሼ ከተትኩት።

በሩ ላይ ስንደርስ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሰጡንን የሶፍት ካርቶን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትንሽ ተነፈሰች።

“ቤት መምረጥ ያደክማል” አለችኝ።

ተንበርክኬ ጫማዋን አደረግሁላት።